ለተዝካርሽ ያልደረሰው ዘቢብ

ለባለቤቴ ለዘነበች፣

ካለሽበት ሰላምታዬ ይድረስሽ። ከተለየሽኝ ዛሬ ሦስት ወር ከዐሥራ አንድ ቀን ሆነ። በሕይወት ሳለሽ አንድ ቀን እንኳ ደብዳቤ ጽፌልሽ አላውቅም። ፊደል ስላልቆጠርሽ ብጽፍም የሚያነብልሽ ሌላ ሰው ነበር፤ እኔ ደግሞ የሆዴን በሰው አፍ ልነግርሽ አልወድም ነበር። አሁን በመካከላችን አንባቢ የለም። ስለዚህ የምሠራበትን መጋዘን ቀለምና ብርዕ ይዤ ተቀምጫለሁ። ሌላው ባል ለሞተች ሚስቱ ቢጽፍ ስለ ናፍቆት ይጽፍ ይሆናል። እኔ የምጽፍልሽ ስለ ትል ነው።

አትሳቂብኝ። ተጸያፊነቴን ከሰው ሁሉ ይልቅ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ቀኑን ሙሉ አዳማ ጣቢያ ላይ ለባቡሩ የሚጫነውን ጥሬ ቆዳ ስመዝን ውዬ ስመለስ፣ ቤት ከመግባቴ በፊት ደጅ ቆሜ ሦስት ጊዜ እጄን ስታጠብ «ሽታው ሳይለቅ የገዛ ቆዳህ ይላጣል» እያልሽ ትስቂ ነበር። ዋንጫ ሳላሸት አልጠጣም። በሰው ቤት ወጥ ውስጥ ፀጉር ካየሁ ሳምንቱን ጾመኛ ነኝ። አንቺም ብትሆኚ በዚህ ከእኔ አትሻዪም ነበር። ልዩነታችን አንቺ የምትጸየፊውን ነገር አጽድተሽ ትገላገዪዋለሽ፤ እኔ ግን ትቼው እሄዳለሁ።

የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። በታመምሽ ጊዜ ከሞጆ የመጣችው እህትሽ አሰገደች እስካሁን አልተመለሰችም፤ ማጀቱን ተረክባለች። ደግ ሴት ናት፣ ነገር ግን የቤቱን ዕቃ ሁሉ በአንድ ውኃ ታጥባለች። ድመትሽ ጠፍታለች። አይጦቹ አልጠፉም፤ አንዷን ትናንት በጠራራ ፀሐይ ሌማቱ ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት፣ እንደ ባለቤት ዓይን ዓይኔን አየችኝ። የወይኑ ሐረግ ግን እንደ ጉድ ለምልሟል። ከባቡሩ የውኃ ጋን የሚፈሰውን ውኃ በቦይ ስበሽ ያመጣሽለትን እስካሁን ይጠጣል። አጥሩን ተሻግሮ የጎረቤታችንን የአደ ጫልቱን በረት ሊይዝ ምንም አልቀረው። ያ ግሪክ ሆቴለኛ ቅርንጫፉን ቆርጦ ሲሰጥሽ በዚህ አቧራ አይበቅልም ብሎሽ ነበር። በሦስተኛው ዓመት አንድ ዘለላ በቅጠል ጠቅልለሽ ሰደድሽለት፤ በልቶ ሲያበቃ ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላምታ የላከልሽ ትዝ ይለኛል።

ዘቢቡ እንዴት እንደ ተጀመረም አልረሳሁም። ከጣቢያው ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ጨው ልትገዢ ሄደሽ፣ ከጅቡቲ በጆንያ የመጣው ዘቢብ አፉን ከፍቶ፣ ዝንብ ወርሮት፣ ድመት ተኝታበት አየሽ። ጨዉን ሳትገዢ ተመለስሽ። የቅዳሴው ወይን ከዚያ ዘቢብ ተጨምቆ እንደሚወጣ ስታስቢ እራት አልበላ አለሽ። በማግሥቱ የደብሩ ገበዝ ዘንድ ሄደሽ፣ ከእንግዲህ ለቤተልሔሙ የሚያስፈልገውን ዘቢብ እኔ አመጣለሁ ብለሽ ቃል ገባሽ።

እኔ ዘቢብ ማድረቅ ማለት ወይኑን ፀሐይ ላይ አስጥቶ መርሳት ብቻ ይመስለኝ ነበር። አንቺ ግን ማድረቁ ትንሹ ሥራ ነው፣ ትልቁ ማቆየቱ ነው ትዪ ነበር። ዘለላውን በሰሌን ላይ ዘርግተሽ፣ በስስ ነጠላ ከዝንብ ከልለሽ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጤዛ እንዳይነካው ታስገቢዋለሽ። ደርቋል ብዬ ልቀምስ ስል እጄን ትመቺኛለሽ። ሲደርቅ ወደ ቅል ትገለብጪና አፉን በስስ ጨርቅ ብቻ አስረሽ ስምንት ቀን ጠዋት ጠዋት ታናውጪዋለሽ። እየተንኮሻኮሸ ከወረደ ደግ ነው። እርስ በርሱ ከተጣበቀ ግን «ገና ውስጡ ውኃ አለ» ብለሽ ወደ ፀሐይ ትመልሺዋለሽ። ከዚያ ሌላ ቅል በወይራ ጢስ ታጥኛለሽ፤ ይህን የተማርሽው የወተት ዕቃቸውን ከሚያጥኑት ከአደ ጫልቱ ነው። በመጨረሻ ዘቢቡን ወደ እርሱ ገልብጠሽ፣ በቆዳ ክዳን ዘግተሽ፣ ከምድጃው በላይ፣ ሙቀቱ ሳይሆን ጢሱ በሚደርስበት ቁመት ትሰቅዪዋለሽ። በወር አንድ ቀን ደግሞ አውርደሽ ፀሐይ ታስመቺዋለሽ።

አንድ ዓመት እኔ ከመጋዘኑ ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ አምጥቼ፣ ዘመኑ የቆርቆሮ ነው፣ ይህን የቅል ነገር ተይው አልሁሽ። ደስ እንዲለኝ ብለሽ ግማሹን በቆርቆሮ አስቀመጥሽ። በወሩ ክዳኑን ከፍተሽ ውስጡን በጣትሽ ጠርገሽ አሳየሽኝ፤ እርጥብ ነበር። ቆርቆሮ ያልበዋል አልሽኝ፣ ሌላም ነገር ሳትጨምሪ ዘቢቡን ወደ ሰሌኑ መለስሽው። እኔ ተሸንፌም ዝም አላልሁም፤ ይኼ ዘቢብ ነው ወይስ የበኩር ልጃችን ብዬ ቀለድሁብሽ። «ልጅስ ሲያመው ያለቅሳል፤ ይኼ ዝም ብሎ ነው የሚበላሸው» አልሽኝ። ሁለት ክረምት ያለፈበት ዘቢብ ከቅልሽ ሲወጣ እኔ እንኳ ሳላሸት እበላው ነበር።

በግንቦት የመጨረሻው ዘለላ በሰሌኑ ላይ ሳለ ሆድሽን ታመምሽ። የቀድሞውን ዘቢብ ለፋሲካ ለደብሩ አስረክበሽ ቅሎቹ ሁሉ ባዶ ነበሩ። በተኛሽበት ሆነሽ አዘዝሽኝ፤ እኔም ገለበጥሁ፣ አስገባሁ፣ ስምንት ቀን አናወጥሁ፣ አጠንሁ፣ ሰቀልሁ። ቅሉ ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ ስታዪው «ለተዝካሬ ከዚህ ይሁን። የሱቁን እንዳታስገባብኝ» አልሽኝ። ስለ ሞት አታውሪ ብዬ ተቆጣሁሽ፣ ቀጥዬ ግን ማልሁልሽ። ሌላው ሁሉ ባይሆንልኝ ይህችን አላጣትም ብዬ ነበር።

በሰኔ መጀመሪያ ሄድሽ። ክረምቱም አብሮ ገባ። ለቀስተኛው ከሞጆም ከመልካሳም መጣ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ በዝናብ በጭቃ መጡ። ግን ዘነበች፣ ሰው ለቅሶ ቤት ሲቀመጥ ቤቱ የማንም እንዳልሆነ ያስባል መሰለኝ። አንዱ አጎትሽ ንፍጡን በበሩ መጋረጃ ጠርጎ «ወይ ዘነበች» እያለ አለቀሰ። ሌላው ንፍሮውን እየቆረጠመ ገለባውን ወለሉ ላይ ተፋ። አንዲት ሴት ጭቃ እግሯን በሊጥ ገበታሽ ውስጥ ስትታጠብ አገኘኋት። ሐዘንተኛ አይቆጣም፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥሁ። በየቀኑ ከሐዘኔ የሚበልጠው መጸየፌ ነበር፣ በዚህም አፍር ነበር።

ሰው ስለበዛና ማጀቱ ስለጠበበ አሰገደች ምግብ የሚሠራበትን እሳት ደጅ ለለቀስተኛው ወደ ተጣለው ዳስ አወጣችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የቤታችን ምድጃ አልነደደም። ማንም ልብ አላለውም። ጥቂት ቆይቶ አንዳንድ ለቀስተኞች ቅሉን ከተሰቀለበት አውርደው ዘቢቡን ሲቆረጥሙ አሰገደች ደረሰችባቸው። ለተዝካርሽ እንዲተርፍ ብላ ነጠቀቻቸውና አፉን በሊጥ መርጋ፣ ከአልጋችን ሥር፣ ከረጠበው የበቅሎ ግላስ አጠገብ ሸሸገችው። እንዲህ አድርጌ አዳንሁት ብላ ነገረችኝ። እኔም እሰይ፣ እህት ማለት እንዲህ ነው ብዬ መረቅኋት።

ለአርባሽ አራት ቀን ሲቀር ቅሉን አወጣሁት። ሳነሣው ከበደኝ፤ ደስ አለኝ። ሊጡ አረንጓዴ ጠጉር አብቅሎ ነበር። በቢላ ስሰብረው የወጣው ሽታ የከረመ አተላና የቆሰለ እግር ሽታ ነው። ሰፌድ ላይ ገለበጥሁት፤ አልወረደም። መታሁት። አንድ ጥቁር ጓል ዱብ አለ፣ ነጭ ድር ተጠምጥሞበታል፣ ዙሪያውም ይንቀሳቀሳል። መጀመሪያ ዘቢቡ ራሱ የሚንቀሳቀስ መሰለኝ። ትል ነው፤ ነጭ፣ ወፍራም፣ ራሱ ቡናማ የሆነ ትል፣ ከየፍሬው ውስጥ አንገቱን እያወጣ። አንዱ በአውራ ጣቴ ላይ ወጣ። ሰፌዱን ጥዬ ሮጥሁና የወይኑን ግንድ ተደግፌ አስመለስሁ። እህል በአፌ አልዞረም ነበርና የወጣው ውኃና ሐሞት ብቻ ነው።

አሰገደች መጥታ አየችና «ታጥቦ የማይጠራ ምን አለ?» አለችኝ። በፈላ ውኃ ብንዘፈዝፈው ትሉ ይንሳፈፋል፣ እንደፋዋለን፣ ዘቢቡን ምጣድ ላይ እናደርቀዋለን፣ ካህኑም አያውቅ ዲያቆኑም አያውቅ ብላ አስረዳችኝ። ይህ ምክር ከትሉ ይልቅ ቀፈፈኝ። ይብስ የቀፈፈኝ ግን ለአፍታ ያህል እውነቷን ነው ብዬ ማሰቤ ነው።

በዚህ መካከል አደ ጫልቱ ወተት ይዘው መጡ። ጓሉን አዩት፤ ለእኔም ለአሰገደችም ምንም ሳይሉ ወደ ማጀት ገብተው እጃቸውን በምድጃው ዐመድ ውስጥ ሰደዱ። ዐመዱ ረጥቦ ጭቃ ሆኗል። «ያ ረቢ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እሳቱን ማን አወጣው? ቅል ያለ ጢስ ይከርማል እንዴ?» ስንት ጆንያ ስንት ቆዳ ተጫነ ሲባል ሳላመነታ የምናገር ሰው፣ ቤቴ እሳት እንደሌለው ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እርሳቸው ከቤታቸው ፍም በገል አምጥተው፣ ሳያስፈቅዱን ምድጃውን አነደዱልን።

ጓሉን እንዳልጥለው የአንቺ እጅ የዘረጋው ነው፤ እንዳልይዘው ይንቀሳቀሳል። ላም እሳት ወለደች፣ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት የሚሉት በእኔ ደረሰ። በማግሥቱ ከሥራ ቀርቼ ዳሱ ውስጥ ተቀመጥሁና ፍሬ በፍሬ መለየት ጀመርሁ። መጀመሪያ በስንጥር ሞከርሁ፤ አልሆነም። በጣቴ ያዝሁት። ትሎቹ በጣት መካከል ሲፈነዱ ቀዝቃዛ ናቸው። ኩሳቸው እንደ አሸዋ ጥፍሬ ውስጥ ገባ። ድሩ ጣቴ ላይ እየተጠመጠመ፣ አሰገደች ተው በቃ እያለችኝ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለቀምሁ። ከዚያ ሁሉ ቅል ደህና ሆኖ የወጣው አንድ እፍኝ ነው። የቀረውን አሰገደች ለዶሮዎቹ በተነችው። ተሻምተው ሲበሉት አየሁ፤ የእነዚያን ዶሮዎች እንቁላል እስከ ዛሬ አልቀመስሁም።

እፍኟን በንጹሕ መሐረብ ቋጥሬ ወደ ደብሩ ወጣሁ። ለገበዙ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ስለ ሊጡ፣ ስለ ትሉ፣ ስለ መሐላዬም። አሰገደች እንዳትናገር ብላ ለምናኝ ነበር፣ ግን እንዲህ ያለውን ነገር ደብቄ ከታቦት ፊት መቆም አልቻልሁም። ገበዙ መሐረቡን ፈትተው አንዷን ፍሬ ወደ ብርሃን አዙረው አዩ፣ አሸተቱ።

«ልጄ፣ አንተ ይህን ትበላዋለህ?» አሉኝ።

ትል የለቀመ ጣቴን በነጠላዬ ጠረግሁ።

«አንተ የማትበላውን ለእርሱ አታቀርብም» አሉና ቋጠሮውን በእጄ ላይ መልሰው አኖሩት።

ቁልቁል ስወርድ እልህ ያዘኝ። እበላዋለሁ እንጂ ብዬ አንዷን አፌ ውስጥ ጣልኋት። ጣፋጭ ነበረች ዘነበች። የወይራው ጢስ ከኋላ ይመጣል፤ ልክ የአንቺ ነው። ምላሴ ላይ አንድ ነገር የተንቀሳቀሰ መሰለኝና ተፋኋት። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ጭቃው ላይ ሙሉዋን ተቀምጣለች፣ ምንም የለባትም። በእጅሽ የሠራሽውን የመጨረሻ ነገር መንገድ ላይ ተፋሁ። የቀሩትን ከመቃብርሽ ራስጌ ቀበርሁና ወደ ሱቁ ሄድሁ።

እንግዲህ ሳልደብቅ ልንገርሽ። በተዝካርሽ ቀን ወደ ቤተልሔም የገባው የሱቁ ዘቢብ ነው። ከዚያው ጆንያ፣ በእኔ በባልሽ እጅ ተገዝቶ። ቤት አምጥቼ ስለየው የአይጥ ፀጉር፣ ገለባ፣ የተቆረጠ የሲጃራ ጫፍ አገኘሁበት። አንድ አንዱን ጠርጌ፣ በሰባት ውኃ አጥቤ፣ አደ ጫልቱ ባነደዱት እሳት አጠገብ አደረቅሁት። ገበዙ አንዷን ቀምሰው ይህ ይሆናል አሉ። ቅዳሴውም ሆነ፣ ፍትሐቱም ሆነ፣ ሕዝቡም በላ ጠጣ። ያ አጎትሽ አግስቶ ሲያበቃ እንዲህ ያለ ያማረ ተዝካር በአዳማ ታይቶ አይታወቅም ብሎ መሰከረ። እኔ ከጥግ ተቀምጬ በዚያ ሁሉ አፍና ጣት መካከል የምውጠው አጣሁ። መሐላዬን አፍርሻለሁ።

ስለ ዘቢቡ ብቻ ቢሆን ኖሮ በልቤ ይዤው እቀር ነበር። ትሉን የለቀመው ጣቴ ምንም አልሆነም። እንደ ልማዴ ሦስት ጊዜ ታጠብሁ፣ ለቀቀ። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን፣ ይህ ጣት ለዚያ ከቻለ ለአንቺ ለምን አልቻለም የሚል ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል። በመጨረሻው ሳምንት ሆድሽ አልያዝ ብሎሽ መኝታሽ ሲበላሽ፣ እኔ ነጠላዬን በአፍንጫዬ ላይ ይዤ ከበሩ ሆኜ አሰገደችን እጣራ ነበር። ዘቢቡን ስምንት ቀን ጠዋት ጠዋት አናወጥሁ፤ አንቺን አንድ ቀን አላገላበጥሁሽም።

አሰገደች ወንዝ በወረደችበት ቀን ሁለታችን ብቻ ነበርን። ውኃውም ጨርቁም ከራስጌሽ ተቀምጧል። ሁለት እርምጃ ገባሁና ሽታው ያዘኝ። ባቡር ይመጣል፣ መጋዘኑን ልክፈት አልሁሽ። ያን ቀን ባቡር እንደሌለ አንቺም ታውቂያለሽ፤ የባቡሩን ቀን ከእኔ ይልቅ አንቺ ነበርሽ የምታውቂው። መጋዘን ገብቼ በጥሬ ቆዳው ክምር መካከል እስኪመሽ ተቀመጥሁ። እርሱ አልሸተተኝም። በሽታሽን እንጂ አንቺን አልተጸየፍሁም እያልሁ ራሴን ሳባብል ከረምሁ። ያው ነው፤ የተኛሽው አንቺ ነበርሽ።

አሁን ምድጃው ይነድዳል። ሐረጉ ለሁለተኛ ጊዜ አፍርቷል፣ ለሙት ዓመትሽ የሚሆነውን ራሴ አደርቀዋለሁ፣ በየወሩም አወርደዋለሁ፤ አደ ጫልቱ እያዩልኝ ነው። ቢሳካልኝም ታረቅን ብዬ አልጽፍልሽም።

ለቀስተኛው ሁሉ ስለ አንቺ ደግ ደጉን ይዞ ሄዷል። እነርሱ ሙያሽንና ሳቅሽን ያስታውሱልሽ። እኔ የምይዘው ሌላ ነው። ያን ቀን ከበሩ ላይ ዞር ብዬ ሳይሽ አልተቆጣሽም፣ ተመለስም አላልሽኝም። እንዳይሸተኝ ብለሽ ጋቢውን እስከ አንገትሽ ሳብሽና ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዞርሽልኝ። ይህን እስክሞት አልረሳውም።

ባልሽ ተሰማ